ምሳ ከማን ጋር ነው?

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሥራው ይቀዘቅዛል። ወንበር መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከዚያ አንዱ «ዛሬስ የት ነን?» ይላል። ይህቺ ጥያቄ ስንት እንደምታስወጣኝ ማስላት የጀመርኩት ኑሮው ሲብስ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሜኑ ላይ አዲስ ዋጋ በስቲከር መለጠፍ የተለመደ ሆነ። በስቲከሩ ላይ ሌላ ስቲከር የተለጠፈበትም አይቻለሁ። ደመወዜ ላይ ግን የሚለጥፍልኝ አላገኘሁም።

የጀመርኩት ከቴሌብር ነው። ከቲፕ በቀር ሁሉንም የምከፍለው በሱ ስለሆነ የበላሁት ሁሉ ስልኬ ላይ ተመዝግቧል። አንድ እሁድ ቡናዬን ይዤ ወረቀት አወጣሁና ምሳዬን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። አንዱ በየአካባቢው ቅርንጫፍ ያላቸው ካፌዎችና ሬስቶራንቶች፣ ሌላው የሰፈር ምሳ ቤት፣ የቀረው ምሳ ዕቃ የያዝኩባቸው፣ ማለትም ክፍያ የማይታይባቸው ቀናት። ከብሩ ጎን ያን ቀን ማን አብሮኝ እንደበላም ጻፍኩ፤ የማስታውሰውን ያህል።

ብሩ ብዙም አላስገረመኝም። የሰዎቹ ዝርዝር ግን አስገረመኝ። ፒዛ ወይም በርገር ብቻዬን የበላሁበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። ምሳ ቤት የሄድኩት ሁልጊዜ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው። አምሮቴ የወሰነባቸው ቀናት ጥቂት ሲሆኑ አብሮኝ ያለው ሰው የወሰነባቸው ይበዛሉ። ስለዚህ ወጪዬን ለመቀነስ ከፈለግኩ ሜኑ ከማወዳደር ይልቅ ማንን የት እንደማገኝ ማስተካከል ነበረብኝ።

በትልልቆቹ ቤቶች ልጀምር። ፒዛ ሃት አዲስ አበባ የገባው በ2010 ነው። ማክዶናልድስ የለንም። እኛ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ቤት ስንል ቶሎ የሚመጣልን እንደ ካልዲስ ያለው የአገር ልጅ ነው። አረንጓዴ ክብ ምልክቱ ለብዙ ሰው ስታርባክስን ያስታውሳል፤ ይሁን። እነዚህ ቤቶች ሰው የሚያገኙት በማኪያቷቸው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ሰው የሚቀጥር የለም። ከማታውቀው ሰው ጋር ስትቀጣጠር ሁለታችሁም የምታውቁት ስም ያስፈልጋል። «ካልዲስ።» «የትኛው?» «ቦሌ ያለው።» አለቀ። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ እንዳለው ትገምታለህ። ሁለት ሰዓት ብትቀመጥ አሳላፊው አያፈጥብህም። ደንበኛ የምታነጋግር ከሆነ ወይም ከአንዲት ልጅ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገናኝ ከሆነ «ዛሬ ምግቡ እንዴት ይሆን?» የሚል ሐሳብ ተጨምሮ አይጨንቅህም።

ዋጋው ላይ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ብዙ ቤት ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅን አያካትትም። 500 ብር ብለህ ያዘዝከው 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት ከ600 ያልፋል። ይህ የሚጻፈው ሜኑው ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። አሁን ከምግቡ ስም በፊት የማነበው ግርጌውን ነው።

ከቫቱ የሚብሰው ግን ማን ይክፈል የሚለው ነው። በየራስ መክፈል እየተለመደ ቢመጣም አሁንም ቢል ሲመጣ ትግል አለ። «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «በናትህ ተው!» አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል። ቢሉ ትንሽ ሲሆን ይህ ጨዋታ ነው፤ ነገ ተራው ያንተ ይሆናል። ቢሉ ትልቅ ሲሆን ተራ መጠበቅ የማይችል ሰው ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ይጠፋል። አንድ ባልደረባችን ወር ሲገባደድ «ዛሬ ጾም ላይ ነኝ» ማለት ጀመረ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እኔም ወረቀቴ ላይ ያ ሰው ከየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደጎደለ አየሁ። ምሳ ቤት ስንሄድ አለ። ትልልቆቹ ቤቶች ስንሄድ የለም።

ምሳ ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። ባለቤቷን ሁላችንም እቴቴ ነበር የምንላቸው። ሜኑ የላቸውም። በር ላይ ቆመው ያለውን ይነግሩሃል፤ ሽሮ ተጋቢኖ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በእንጀራ፣ በጾም ቀን በያይነት። ማን ቃሪያ እንደማይነካ፣ ማን ተጨማሪ እንጀራ ሳይጠይቅ እንደሚፈልግ ያውቃሉ። ዱቤ አለ። ሉክ ደብተር ላይ በስማችን ሳይሆን በቅጽል ስም ነው የሚመዘግቡት፤ እኔ «ቀጭኑ» ነበርኩ። ደመወዝ ሲወጣ እንከፍላለን። ሳትከፍል ብትዘገይ «ልጄ፣ ምነው ጠፋህ? አሞህ ነው?» ነው የሚሉህ፤ ስለ ብሩ አንድ ቃል አይተነፍሱም። እንዲህ ከተባለ በኋላ ደግሞ በማግስቱ የማይከፍል ሰው አላየሁም።

ምግቡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። ሽሮው አንዳንድ ቀን ይቀጥናል። እንጀራው አንዳንድ ቀን የትናንት ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ይህ ቢደርስብኝ አኩርፌ ነበር የምወጣው። እቴቴ ቤት ግን እንስቃለን። ምናልባት ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ስለሚያውቁህ ታልፋቸዋለህ፤ ስለማያውቁህ ትቆጣቸዋለህ።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ምሳ ቤቷም ሄደች። እቴቴ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ከመሄዳቸው በፊት ዱቤያችንን ሁላችንም ዘጋን። ከዚያ ለሳምንታት ምሳ ሰዓት ላይ ወዲያና ወዲህ ተንከራተትን። ሌላ ምሳ ቤት አልጠፋም። ግን ዱቤ እስኪፈቀድልህ፣ «የተለመደው» ብለህ እስክታዝዝ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ መሐል ግማሾቻችን ወደ ትልልቆቹ ቤቶች ተሳብን፤ ግማሾቹ ምሳ መብላት ተዉ።

እኔ ምሳ ዕቃ ያዝኩ። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ማታ ከሥራ ገብቶ ወጥ መሥራት የሚባለው ነገር ለኔ አይሆንም። መብራት አለ ሲባል ውኃ የለም፤ ውኃ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ እሁድ ላይ ከመርኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሐበሻ ወጥ ጊዜ የሚበላው ቁሌቱ ነው። ስለዚህ እሁድ የምሠራው ወጥ ሳይሆን ቁሌት ብቻ ነው። ትልቅ ድስት ሙሉ ቀይ ሽንኩርት ከትፌ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውኃው እስኪመጥና እስኪለሰልስ አቁላላለሁ። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውኃ። እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና በስልክ ነበር ያሠለጠነችኝ። «ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ እንዳትጨምር! ጥሬ ጥሬ ይልሃል።» ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ መጨረሻ ላይ ይገባል። ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍዬ ፍሪዘር አስገባዋለሁ። ማታ አንዱን አውጥቼ ውኃ ጨምሬ ሲፈላ ሽሮ መበተን ነው። የተቀቀለ ምስር ካለኝም እሱን እጨምራለሁ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። በቅቤ አልሠራውም፤ የጾም ከሆነ ለሁሉም ቀን ይሆናል። ቅቤ ያማረው የፍስክ ቀን ላይ ጠብ ያደርጋል።

እንጀራ መጋገር ግን አልሞከርኩም፣ አልሞክርም። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፣ አብሲት አለው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። ከጎረቤት ሴትዮ እገዛለሁ። በርበሬና ሽሮ ከእናቴ ይመጣል። ገበያ ላይ በርበሬ ከምን ጋር እንደተፈጨ፣ እንጀራው ውስጥ ጀሶ ይኖር እንደሆነ የሚወራውን የሰማ ሰው ለምን ቤቱ መብላት እንደሚመርጥ ይገባዋል። የኔ «የቤት ምግብ» እንግዲህ ግማሹ የሌላ ሰው ጓዳ ሥራ ነው። የማምነው እነዚያን ጓዳዎች ነው።

ወጪዬ በግልጽ ቀነሰ። ግን ገና በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ነገር ሳላስበው መጣ። ሐበሻ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ብቻውን አይበላም። «እንብላ» ትላለህ። አንዱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው የራሱን ያመጣል። ቀስ በቀስ የስብሰባው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ ትሪ ተገኘ፤ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። የሁሉም ምሳ ዕቃ እዚያ ላይ ይገለበጣል። የኔ ሽሮ፣ የአንዷ ጎመን፣ የሌላው ቀይ ሥር በድንች። በያይነት ሆነ። ያ ማክሰኞ የሚጾመው ልጅም ተመለሰ። ሁለት እንጀራ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ማንም ወጥህ የታል አይለውም።

የትሪው ሕግ የተጻፈ አይደለም። ሙስሊም ባልደረቦቻችን የኛን ሥጋ አይበሉም፣ እኛም የእነሱን። ስለዚህ በፍስክ ቀን ሥጋ ያመጣ ሰው ካለ ጠረጴዛው ሁለት ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ግን ክርስቲያኑ ስለሚጾም ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ዓርብ ሙስሊሞቹ ከጁምዓ እስኪመለሱ እንጠብቃለን፤ የሚርበው ዳቦ ይቆርሳል። ከጊዜ በኋላ ሰው ሳይነጋገር ሰኞና ማክሰኞም ሥጋ ማምጣት ተወ። ጥብስ ያማረው ቤቱ ይበላል። ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት በ2017 ደግሞ ትሪው ለሳምንታት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እነሱ እስከ መግሪብ፣ ከኛም ብዙዎቹ እስከ 9 ሰዓት። ማይክሮዌቩ ያኔ ነው ያረፈው።

ችግር የለውም እያልኩ አይደለም። ምሳ ዕቃ ይረሳል። ዘይት ቦርሳ ውስጥ ይፈስሳል፤ ላፕቶፕ ያለበት ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጉድ ነው። ክዳኑ የሚቆለፍ ዕቃ ግዛ፣ ርካሹ ውድ ነው። እንጀራ በአራተኛው ቀን መሻገት ስለሚጀምር ለሳምንቱ በአንዴ አትግዛ፤ እሁድና ረቡዕ ከፍለህ ግዛ። ፍርፍር ለማይክሮዌቭ ተስማሚ ነው። ፓስታ ይደርቃል። ዓሣ የተጠበሰ ለሚያመጣ ሰው የማይክሮዌቭ በር የሚዘጋ አለቃ ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ትልልቆቹን ቤቶችም አልተውኩም። ከመሥሪያ ቤት ውጭ ያለ ሰው ጋር ስቀጣጠር እዚያው ነኝ፤ ቢሉን ጠሪው እንደሚከፍል ሁለታችንም እናውቃለን። የእህቴ ልጅ ልደት ሲመጣም ፒዛ ነው። ሽሮ ልትቀርብላት አትችልም፤ ጓደኞቿ የሚጠብቁት ፎቶ የሚነሳ ነገር ነው።

ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶች ናቸው የሚያስቁኝ። አምና የአጎቴ ልጅ ሲመጣ ጥሩ ቦታ ልጋብዘው ብዬ ንጹሕ፣ ወንበሩ የሚመች፣ ሜኑው በእንግሊዝኛ የሆነ ቤት ወሰድኩት። ሜኑውን አይቶ መልሶ ዘጋውና «ይሄንን እኮ ሲልቨር ስፕሪንግም አገኘዋለሁ» አለኝ። የፈለገው ምሳ ቤት ነው። እቴቴ አሁን ኮንዶሚኒየሙ ሥር ትንሽ ቤት ከፍተዋል። ከመሐል ከተማ ሁለት ታክሲ ነው፤ ለሥራ ቀን ምሳ አይሆንም። ቅዳሜ ስለነበር ይዤው ሄድኩ። ተጋቢኖ በላን። ከፋዩ እኔ ነኝ ብዬ ስነሣ እሱ ቀድሞኝ ከፍሏል፤ በዶላር አስልቶት ነው መሰለኝ ሲስቅ ነበር። እቴቴ ደግሞ መልሱን ሲሰጡት «ልጄ፣ ቀጭኑ የድሮ አለበት» አሉት። የለብኝም፤ ዘግቼአለሁ። ደብተሩን ግን አላወጡትም።