ለማንም ያልተነሳ ባርኔጣ

ቀረጻው ሊጀመር ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ዋናው ተዋናይ ልብስ ሊለካ መጣ። ሱፉ ልክ ነው። ጫማው ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ግራጫውን ባርኔጣ አነሳና አደረገው። ባርኔጣው ግንባሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሳብ ቢያደርገው እምቢ አለ።

"ባለፈው ልኬ አልነበር እንዴ?" አለኝ።

ልኩ ነበር። ስገዛው በሜትር ለክቼዋለሁ፤ 58 ሳንቲ ሜትር። እዚያው ፊቱ ደግሜ ለካሁት። 55 ተኩል።

ክው አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ሌሎች 13 ባርኔጣዎች ተደርድረዋል። ስምንቱ ከዚያው ዓይነት የበግ ሱፍ የተሠሩ ናቸው። በዚያው ምሽት፣ በዚያው እንፋሎት ነው የሠራኋቸው።

የምሠራው ለድራማና ለፊልም አልባሳት በማዘጋጀት ነው። ይህኛው ድራማ የሚተርከው ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥቂት ቀደም ብሎ ስላለው አዲስ አበባ ነው። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች አሉበት፣ መምህራን አሉበት፣ ነጋዴዎች፣ አንድ ዳኛም አለ። የዘመኑን ፎቶግራፎች ሰብስቤ ለብዙ ቀን ሳያቸው ነበር። ሱፍ የለበሰውም፣ ኩታ ያጣፋውም፣ ካባ የደረበውም፣ ብዙው ወንድ ባርኔጣ አድርጓል። ነገሩ ከዚያም በፊት የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ ከነጭ ሻሻቸው በላይ የሚያደርጉትን ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ በፎቶ ያላየ ሰው መቼም የለም። ስለዚህ የኔ ድራማ ያለ ባርኔጣ አይሆንም።

የድሮዎቹን ፈለግኩ። ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ማዋስ ግን አይፈልጉም። አልፈርድባቸውም። የአባት መታሰቢያ ለቀረጻ ተሰጥቶ እንዴት ሆኖ እንደሚመለስ አይታወቅም። አዲስ ጥሩ ባርኔጣ ከውጭ ማስመጣት ደግሞ በጀታችን አይችለውም። መርካቶ ወረድኩ።

መርካቶ ያገኘሁት አሁን ፋሽን የሆነውን ርካሽ የፌልት (ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ባርኔጣ ነው። አብዛኛው ለሴቶች የተሠራ ነው። ክፈፉ ሰፊና ዝርግ ነው፤ አናቱ በፋብሪካ ማሽን አንድ ዓይነት ሆኖ ተጨፍልቋል። ዙሪያው ላይ ዘለበት ያላት ቀጭን ማሰሪያ በኮላ ተለጥፋለች። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያልፈዋል። እኔ ግን ወደድኩት። ምክንያቱም ሰፊ ክፈፍ ይቆረጣል፤ ጠባብ ክፈፍ ግን አይቀጠልም። ዘጠኙ የውስጥ ምልክታቸው ላይ ሱፍ ይላሉ። አምስቱ ፖሊስተር ናቸው። ልዩነቱን አየሁት፤ ልብ ግን አላልኩትም።

ፌዶራ የሚባለው ይህ የባርኔጣ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከቴአትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ፓሪስ ውስጥ ቪክቶሪያን ሳርዱ የጻፈው ተውኔት ዋና ገጸ ባሕርይ ልዕልት ፌዶራ ትባል ነበር፤ የተጫወተቻትም ሳራ በርናርድ ናት። ለአልባሳት ባለሙያ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። ወንዶች ለብዙ ዓመታት ሲያደርጉት የኖሩት ባርኔጣ ስሙ ከአንዲት ተዋናይ መድረክ የመጣ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሰሪያው ይነሳል፤ የኮላው ቅሪት በጥንቃቄ ይፋቃል። ከዚያ በራድ ይጣድና አፉ ላይ በሚወጣው እንፋሎት አናቱ ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ከውስጥ በቡጢ ወደ ላይ ተገፍቶ የፋብሪካው ቅርጽ ይጠፋል፤ አናቱ እንደ ሙሉ እንቁላል ክብ ይሆናል። ቀጥሎ በመዳፍ ጠርዝ ከፊት ወደ ኋላ መሐሉ ይሰረጎዳል። ፊት ለፊቱ ደግሞ በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ይደረጋል። ክፈፉ ተለክቶ ይቆረጣል። የወጣት ጸሐፊዎቹን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አወረድኩት፤ በዚያ ሰሞን ክፈፍ እየጠበበ ነበርና። የሽማግሌዎቹን 6 ተኩል ላይ ተውኩት፤ ሽማግሌ የወጣትነቱን ባርኔጣ አይጥልም። ከዚያ ክፈፉ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት በካውያ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ቀና ይላል። በመጨረሻ ወፍራም ሪባን ይዞርበታል፤ ቋጠሮው በግራ በኩል ይሆናል። ሪባኑ የሚያብረቀርቅ ሳቲን ከሆነ የስጦታ ዕቃ ያስመስለዋል። ደብዘዝ ያለ፣ ስስ ጎድን ጎድን ያለው ነው የሚያስፈልገው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች የሚይዙት ባርኔጣ የጥንቸል ወይም ቢቨር የሚባለው እንስሳ ፀጉር ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 አሌሳንድሪያ ውስጥ እንደተመሠረተው እንደ ቦርሳሊኖ ያሉ ቤቶች ስማቸውን ያተረፉት በዚህ ዓይነት ፌልት ነው። ጥብቅ ነው፤ ብዙ እንፋሎት ይችላል። የበግ ሱፍ ሌላ ነው። የሱፍ ክር በጣም ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት። ሙቀት፣ እርጥበትና እሽታ ሲገናኙ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ክሩ ይሰበሰባል፤ በራሱ አይመለስም። የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

እኔ ጊዜ ስላጠረኝ በራዱን ትቼ ትልቁን የእንፋሎት ማሽን አመጣሁ። ዘጠኙን የሱፍ ባርኔጣዎች በአንድ ምሽት አደረስኳቸው። እስኪለፈሰፉ ድረስ እንፋሎት አጠጣኋቸው። ባርኔጣ የሚወጠርበት ፎርማ ስላልነበረኝ ባዶአቸውን አስቀመጥኳቸው። ሌሊቱን ቶሎ እንዲደርቁ የኤሌክትሪክ ምድጃ አጠገብ ደረደርኳቸው። አንዱን ብቻ ሠርቼ፣ አድሮ ሲደርቅ ለክቼ፣ ከዚያ ሌሎቹን ብነካ ኖሮ የምከስረው አንድ ባርኔጣ ነበር። ጠዋት ሳያቸው ቅርጻቸው ስለማረከኝ ሜትር አላነሳሁም። አምስቱ ፖሊስተሮች ደግሞ በተቃራኒው አልጠበቡም፤ ግን ሌሊቱን ወደ ፋብሪካ ቅርጻቸው ተመልሰው አደሩ።

ተዋናዩ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስብ አንድ አዛውንት ገቡ። ከአጃቢ ተዋንያኑ አንዱ ናቸው፤ ለልብስ ልኬት ነው የመጡት። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ። የራሳቸውን ቡናማ ባርኔጣ አድርገዋል። ጠረጴዛውን አዩ። አንዱን አንስተው በጣታቸው አሹት።

"ሱፍ ነው። በእሳት አደረቅሽው?"

"አዎ ጋሼ።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ሰቀሉና "በይ ለብ ያለ ውሃ አምጪ" አሉ።

እስከ ማታ አብረን ሠራን። ውስጡን የሚዞረውን የላብ ማሰሪያ ገልብጠን አወጣነው። ያን ምሽት እኔ አልገለበጥኩትም ነበር። ፌልቱን ከውስጥ ለብ ባለ ውሃ አራስነው። ጋሼ አናጢ ጎረቤታቸውን ልከው ከእንጨት የተጠረበ ክብ ፎርማ አስመጡ። ባርኔጣውን እሱ ላይ አልብሰን በሁለት እጃችን ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ሳብነው። ትንሽ ሳብ፣ ትንሽ ማሳረፍ። "ጨርቅ አይቸኮልም" እያሉ። ከዚያ በክር ዙሪያውን አስረን ያለ ምንም እሳት ተውነው። በማግስቱ ሰባቱ ለባለቤቶቻቸው ደረሱ። የዋናው ተዋናይና የዳኛው ግን 57 ላይ ቀሩ። ለእነሱ ጋሼ ከኋላ፣ ሪባኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ፌልቱን ሰነጠቁት። ከተቆረጠው ክፈፍ ቁራጭ አስገብተው በስውር ስፌት ያዙት። ሪባኑ ሲዞርበት ምንም አይታይም። ቁራጮቹን ስላልጣልኳቸው ያን ቀን አምላኬን አመሰገንኩ።

ፖሊስተሮቹን በመርፌ አስተካከልናቸው። የአናቱን ስርጉድና የፊቱን ቁንጥጫ ከውስጥ በኩል በጥቂት ስፌት ያዝናቸው። ከሩቅ ለሚታዩ መንገደኞች ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ማስረጀቱን አስቀድሜ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። አሥራ አራቱንም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዙሪያቸውን አሽቻቸዋለሁ፤ ዱቄት ነስንሼ በብሩሽ ጠርጌያቸዋለሁ። ደብዝዘዋል። ለጋሼ ግራጫውን አሳየኋቸው። ወደ መስኮቱ ወስደው አገላበጡት።

"ልጄ፣ ይሄ ባርኔጣ አርጅቷል። ግን ለማንም ተነስቶ አያውቅም።"

አልገባኝም። የራሳቸውን ቡናማ ባርኔጣ አውልቀው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የአባታቸው ነው። ለብዙ ደቂቃ ያዝኩት። እውነቱን ለመናገር በሙያዬ እንደዚያ በትኩረት ያየሁት ዕቃ ትዝ አይለኝም። አብዛኛው ፌልት ደህና ነው፤ እንኳን ሊደበዝዝ ገና ለስላሳ ነው። ያለቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። የፊቱ ቁንጥጫ በቀኝ በኩል ሳስቶ ብርሃን ሊያሳይ ደርሷል። የክፈፉም ፊት በቀኝ በኩል በጣት ወዝ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። በግራ፣ ቋጠሮው ባለበት በኩል፣ ምንም የለም። ውስጡ ያለው ቆዳ ግንባር የሚነካበት ቦታ ጠቁሯል። የሪባኑ የላይ ጠርዝ ፀሐይ በልቶታል።

"አባቴ ከቤት ወጥቶ መሥሪያ ቤት እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚያነሳው ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ለሽማግሌ ይነሳል። ለቄስ ይነሳል። ለጎረቤት ይነሳል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወልቃል። የሚነሳው በቀኝ እጅ ነው፤ የሚያዘውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው።

እኔ ፎቶግራፎቹን ለሳምንታት ሳይ ነበር። ያየሁት ግን ቅርጹን ነው፤ እጁን አላየሁም። ፎቶ ላይ ሰው ቆሞ ነው ያለው፤ ባርኔጣው አናቱ ላይ ነው። የሰላምታው ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። ለእኔ የድሮ ማለት ደብዛዛ ማለት ነበር። ስለዚህ 14 ሰዎችን አንድ ዓይነት አቧራ አለበስኳቸው።

የቀረችን አንዲት ሌሊት ናት። ዱቄቱን አራገፍኩ። የታሸው ፌልት አይመለስም፤ ስለዚህ በለስላሳ ብሩሽና በጣም ትንሽ እንፋሎት ፀጉሩን ወደ አንድ አቅጣጫ አስተኛሁት። ከዚያ አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርኩ። ዳኛው ባርኔጣውን ለብዙ ሰው አያነሳም፤ ይነሳለታል እንጂ። የእሱን ቁንጥጫ ብዙም አልነካሁትም፤ ክፈፉን ብቻ ቀጥ አደረግኩት። ነጋዴው ደንበኛውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ የእሱን በጣቴ እያሸሁ አሳሳሁት፤ ጣቴን ትንሽ ሰም ነካ እያደረግኩ ወዙን አመጣሁ። አንዱ መምህር ግራኝ ነው፤ ተዋናዩ ራሱ ግራኝ ስለሆነ። ለእሱ በግራ ሠራሁለት። ገና ሥራ የጀመረው ወጣት ጸሐፊ ባርኔጣው አዲስ ነው፤ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ነው። እሱን ጨርሶ አላስረጀሁትም። ከዚያ በፊት "አዲስ የሆነ ነገር በድሮ ድራማ ውስጥ አይገባም" ብዬ አምን ነበር። ግን በ1952ም አዲስ ባርኔጣ የሚገዛ ሰው ነበረ።

ሊነጋ ሲል ግራጫውን ጨረስኩ።

የመጀመሪያው ትዕይንት ቀላል ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ በእግሩ ይሄዳል። ከአንድ አዛውንት ጋር ይተላለፋል። ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳል፤ መንገዱን ይቀጥላል። አዛውንቱ ጋሼ ናቸው። የተሰጣቸው መመሪያ ዝም ብለው እንዲያልፉ ነው።

ከካሜራው ጀርባ ቆሜ የተዋናዩን እጅ ብቻ እያየሁ ነበር። ምንም አላልኩትም፤ የት እንደሚይዝ አላሳየሁትም። ቀኝ እጁ ወጣ። ጣቶቹ የሳሳው ቦታ ላይ አረፉ።

ጋሼ ሊያልፉ ሲሉ ቆሙ። ቡናማውን የአባታቸውን ባርኔጣ አነሱለት። ዳይሬክተሩ "ቁረጡ" አላለም።