የወንበር ሒሳብ ባሕር ሲሻገር

በአሜሪካ የቤተ ክርስቲያን እድገት አማካሪዎች ዘንድ የታወቀች አንዲት ሒሳብ አለች። አዳራሹ 80 በመቶ ከሞላ እንደ ሞላ ቁጠሩት ትላለች። አዲስ የመጣ ቤተሰብ አባት፣ እናትና ልጆች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ ካጣ በሚቀጥለው እሁድ አይመለስም። ስለዚህ 500 ወንበር ያለው አዳራሽ 400 ሰው ሲቀመጥበት ሁለተኛ መርሐ ግብር ይከፈታል፤ አለዚያ አዲስ ሕንጻ ይታሰባል። ሁለተኛ መርሐ ግብር ከተከፈተ ደግሞ የመጀመሪያው ርዝመት ከአንድ ሰዓት ከሩብ እንዳያልፍ ይደረጋል፤ የወጪው መኪና ሳይወጣ ገቢው ከደረሰ ማቆሚያው ይታነቃል። ስብከቱ ለምን ግማሽ ሰዓት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከነገረ መለኮት መጽሐፍ ሳይሆን ከመኪና ማቆሚያው ያገኘዋል።

የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ገበያ አልነበረም። የእድገት ትምህርቱ ጀማሪ ዶናልድ ማክጋቭራን በ1897 ሕንድ ውስጥ ከሚሲዮናውያን ቤተሰብ ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ራሱም እዚያው ሲያገለግል አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳው፦ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያለው፣ ገንዘብ የሚፈስበት የሚሲዮን ጣቢያ ጥቂት አማኝ ብቻ ሲያፈራ፣ ሌላ ቦታ ዘመድ ዘመዱን እየሳበ መንደር ሙሉ የሚያምነው ለምንድን ነው? ሰው ወገኑን ጥሎ እንዲወጣ ሳይገደድ፣ የዘርና የቋንቋ አጥር ሳይሻገር ማመን ይቀለዋል ብሎ ደመደመ። በ1965 ፓሳዴና ካሊፎርኒያ በሚገኘው ፉለር ሴሚናሪ ይህንኑ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መሠረተ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም ነው።

ካሊፎርኒያ ሲደርስ ግን «ወገን» የሚለው ነገር ወደ «ዒላማ ደንበኛ» ተለወጠ። በ1980 የተጀመረችው የሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን «ሳድልባክ ሳም» የሚባል ምናባዊ ሰው ሳለች። ሳም የተማረ፣ ጥሩ ደመወዝ የሚያገኝ፣ ጊዜ የሌለው ሰው ነው። ሙዚቃውም፣ አለባበሱም፣ የስብከቱ ርእስም በሳም ልክ ተሰፋ። ቺካጎ አካባቢ በ1975 የተጀመረችው የዊሎ ክሪክ ቤተ ክርስቲያንም በየቤቱ በር እያንኳኳች ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደማይሄዱ ሰዎችን ጠየቀች። ገንዘብ ይጠይቁናል፣ ስብከቱ ይሰለቻል፣ ከኑሯችን ጋር አይገናኝም የሚሉ መልሶች ሰበሰበች፤ የሳምንቱን መጨረሻ መርሐ ግብርም በእነዚህ መልሶች ላይ ገነባች።

ዊሎ ክሪክ ግን ሁለት መርሐ ግብር ነበራት። የሳምንቱ መጨረሻ ገና ላላመነው ፈላጊ፣ የሳምንቱ መካከል ለአማኙ ነበር፤ ትምህርቱም አምልኮውም የሚጠልቀው በመካከሉ ነበር። ዓለምን የዞረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ድራማው፣ መብራቱ፣ አጭሩ ስብከት ተወሰደ፤ የረቡዕ ማታው ቀረ። ለነገሩ ዋናው ሞዴል ራሱ በገዛ ባለቤቶቹ ተፈትሿል። ዊሎ ክሪክ በ2007 ባወጣችው ጥናት፣ በመርሐ ግብሮች መሳተፍ መብዛቱ ብቻውን ሰውን እግዚአብሔርንና ባልንጀራውን ወደ መውደድ እንደማያሳድገው አመነች። በእኛ ዘንድ መብራቱን የገዙት ብዙዎች ይህን ጥናት አላዩትም።

ከውጭ የሚሰማው ድምፅም ቀድሞ ተሰምቶ ነበር። በ1974 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎዛን ላይ ከ150 አገሮች የመጡ ወንጌላውያን በተሰበሰቡበት ጉባኤ ኢኳዶራዊው ሬኔ ፓዲያና ፔሩዊው ሳሙኤል ኤስኮባር ተነሥተው ተናገሩ። ፓዲያ፣ ከአሜሪካ ኑሮ ጋር ተጣብቆ የሚላከው ክርስትና ወንጌልን ሸማች የሚገዛው ሸቀጥ ያደርገዋል ሲል አስጠነቀቀ። አጥር ሳይሻገሩ ማመን የሚለው ሐሳብም በ1977 በፓሳዴና ራሱን የቻለ ምክክር ተደረገበት። ሰው እንዴት እንደሚያምን መግለጽ አንድ ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን በዚያ አጥር ውስጥ አስቀርቶ መትከል ሌላ ነገር ነው። ብሔር በሚካረርበት አገር ይህን ልዩነት የሳተ የእድገት ሥልጠና አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ይህ የአሜሪካ ሞዴል አዲስ አበባ ሲደርስ ከእነ ዕቃው ነው የሚመጣው፦ በወር የሚከፈልበት አዳራሽ፣ የድምፅ ማሽን፣ ስክሪን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር፣ ካሜራ፣ በዶላር የሚከፈል የሳተላይት ስርጭት። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚሸከም ሥርዓት አለ። አባሉ ደመወዝተኛ ነው፤ የሚሰጠው መባ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ሊቀነስለት ይችላል። እዚህ ግን ተማሪና ሥራ ፈላጊ የሞላበት ጉባኤ ያንኑ ወጪ እንዲሸፍን ይጠበቃል። አልሸፍን ሲል መድረኩ መለወጥ ይጀምራል። መባ ሁለቴ ይሰበሰባል፣ «ዘር ዝሩ» ይባላል፣ ትንቢቱ ስለ መኪናና ስለ ቪዛ ይሆናል። የብልጽግና ወንጌልን እንደ ትምህርት ስሕተት ብቻ እያየን ስንከራከር ኖረናል። ብዙ ጊዜ ግን በሩን የሚከፍትለት የወር ኪራይ ነው። የፋይናንስ ሪፖርቱን ያየ ሽማግሌ ስብከቱ በየትኛው ወር እንደሚዞር አስቀድሞ መገመት ይችላል።

ሸክሙ እዚያም ሲከብድ ታይቷል። ሮበርት ሹለር በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪና ተቀምጠው ፊልም በሚያዩበት ሜዳ፣ በመክሰስ መሸጫው ጣሪያ ላይ ቆሞ መስበክ ጀመረ። በ1980 የመስታወት ካቴድራሉ ተመረቀ። መሪው ሲያረጅ፣ ቤተሰቡ በወራሽነት ሲጣላና የቴሌቪዥኑ መባ ሲቀንስ ዕዳው ቀረ፤ በ2010 ኪሳራ ታወጀ። ሕንጻውን በ57.5 ሚሊዮን ዶላር የገዛችው የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ናት።

በተቃራኒው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እናስብ። ደርግ በ1982 ሲዘጋት፣ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። በ1991 ከየቤቱ ስትወጣ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። አዳራሽ አልነበረም፤ ማስታወቂያም አይታሰብም ነበር። የነበረው ጥቂት ሰዎች በአንድ ሳሎን ሲሰበሰቡ፣ ሲበዙም ሲከፈሉ ነው። ስደትን ማሞገሴ አይደለም፤ ታሳሪ ስለነበሩት ሰዎች በቀላሉ ማውራት አይገባም። ነገር ግን ማክጋቭራን ሕንድ ላይ የፈለገው መልስ እዚህ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ እኛ ግን ከፓሳዴና በሲዲ አስመጣነው።

በውጭ አገር ያሉ የአማርኛ አጥቢያዎች ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አዳራሹን የሚከራዩት ከአሜሪካውያን ስለሆነ ሰዓታቸው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆቹ ጠዋት እዚያው ሕንጻ ውስጥ ያለውን የእንግሊዝኛ መርሐ ግብር ያያሉ። ወላጅ የልጁን ልብ ለመመለስ መድረኩን ያስመስላል። ለልጁ ግን ኦሪጂናሉ ሩቅ አይደለም።

ለአጥቢያ ጸሐፊዎችና ሽማግሌዎች አንድ ተግባራዊ ነገር። ማክጋቭራንና ተከታዮቹ እድገትን በሦስት ይከፍሉት ነበር፦ ከአማኝ ቤት በመወለድ፣ ከሌላ አጥቢያ በመዛወር፣ አዲስ በማመን። የአባላት መዝገባችሁን በዚሁ ክፈሉት፤ ከአጥቢያው የወጡትንም ሰዎች በአራተኛ ዓምድ ጨምሩ። እንበል በዓመት 300 ሰው ተመዘገበ። 50ው የአባላት ልጆች ናቸው፣ 210ሩ ከጎረቤት አጥቢያዎች መጥተዋል፣ አዲስ ያመኑት 40 ናቸው። በዚሁ ዓመት 60 ሰው ሳይታወቅ ቀርቷል። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው 300 ነው፤ ጎረቤቶቻችሁ ግን 210 ሰው ጎድሎባቸዋል። ከ210ሩ ስንቱ መሸኛ ደብዳቤ ይዞ እንደመጣ ደግሞ ለብቻው ቁጠሩ። ደብዳቤ የሌለውን ሰው ከመመዝገባችሁ በፊት ወደ ቀድሞ መጋቢው ስልክ ደውሉ። ተግሣጽ ሸሽቶ የመጣውን በተከፈተ በር ከተቀበልነው የዛሬ ዓመት በዚያው በር ወደ ሦስተኛው አጥቢያ ይሄዳል፤ እዚያም «አዲስ አባል» ተብሎ ይቆጠራል።