ብረታ ብረት ቤት ለከፈተ አሠሪ፦ ከዲስኩ እስከ መዝገቡ

ጎንደር ላይ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ብዙ ነው። ስለ ሥራ ደኅንነት ሲነሳ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚገዛው ቆብ ነው። ይግዛ፤ ግን በዚህ ሥራ ዓይንና ጣት የሚያጠፋው ግራይንደሩ፣ በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጠውና የሚሞርደው የእጅ ማሽን፣ ነውና ከእሱ እንጀምር።

ባለ 125 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል። የ230 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ግን 6,600 አካባቢ ነው። ትልቁ ግራይንደር ሲበላሽ የዲስኩን መከላከያ ሽፋን ፈትቶ ትልቁን ዲስክ በትንሹ ላይ የሚያስር ሠራተኛ አለ። ያ ዲስክ ከአቅሙ በላይ ሲዞር ሊፈነዳ ይችላል፤ ቁራጩ የሚያገኘው ደግሞ የያዘውን ሰው ፊትና አንገት ነው። ስለዚህ መከላከያው የወለቀ ግራይንደር እስኪጠገን ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበት። የዲስኩ መሃል ቀለበት ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ተጽፏል፤ ያለፈበት አይታሰር። ክረምት ላይ ዲስክ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጦ እርጥበት ከጠጣ ማጣበቂያው ይደክማል፤ ከፍ ያለ ደረቅ መደርደሪያ ይፈልጋል።

ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው መሳያ ድንጋይ ደግሞ ከመታሰሩ በፊት በጣት ተንጠልጥሎ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ ይመታል። ደኅና ከሆነ እንደ ገዳም የድንጋይ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል። ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋልና ይጣል። በድንጋዩና በእጅ ማስደገፊያው መካከል ያለው ክፍተትም ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ብረቱን ከነጣቱ ጎትቶ ያስገባል።

መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማሽኑን ሳያጠፋ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ብቻውን ይነሳል፤ ያኔ እጁን ምላጩ ላይ ያደረገ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ለትልልቆቹ ማሽኖች ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ባለ ኮንታክተር ማስነሻ ማስገባት ነው፤ መብራት ሲመለስ ሰው ካልጫነው አይነሳም። ለእጅ መሣሪያዎች፣ መብራት እንደጠፋ ስፒናውን መንቀል የቤቱ ሕግ ይሁን። የእጅ መሣሪያዎቹ መስመር ላይ ባለ 30 ሚሊአምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መቁረጫ ብሬከርም ያስፈልጋል፤ እርጥብ ወለልና የተላጠ ገመድ ሲገናኙ ሰው የሚያተርፈው እሱ ነው።

ስለ ወተት ሳልናገር አላልፍም። ጢሱን ያጥባል ተብሎ ለበያጅ ወተት መግዛት ደግነት ነው፤ ጢሱ የሚሄደው ግን ወደ ሳንባ ነው፣ ወተቱ ደግሞ ወደ ሆድ። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ሠራተኛው ማታ ሲንቀጠቀጥ ወባ ነው ብሎ ይተኛል፤ በማግሥቱ ስለሚሻለው ማንም ከብየዳው ጋር አያገናኘውም። መፍትሔው ከብየዳው ግራና ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅቡን አስቀድሞ መፋቅ፣ ደጅ ላይ መሥራትና ጭንቅላትን ከጢሱ በላይ አለማዘንበል ነው። ሲፋቅም ጭንብልና መነጽር ይደረግ። የነዳጅ በርሜል መበየድን ግን፣ ባዶ ቢሆንም፣ እምቢ በሉ፤ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ፣ የደረሰ ጉዳት እንዲመዘግብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት ግን ይህን ነው፦ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ሠራተኛው መሥራት እስኪችል፣ እስከ 12 ወር ድረስ፣ ይከፍለዋል፦ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። «የቀን ሠራተኛ ነው፣ ውል የለንም» ማለት አያድንም፤ የቃል ውልም ውል ነው። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

«ልጁ ሙያ ይልመድ» ተብሎ ስለሚመጣ ታዳጊም ሕጉ ግልጽ ነው፦ ከ15 ዓመት በታች አይቀጠርም፤ 18 ያልሞላው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ አደገኛ ሥራም አይሰጠውም። ግራይንደርና ብየዳ ለዚህ ልጅ አይሆኑም። እናቱ ብትለምንም አይሆኑም።

መዝገቡ አንድ ደብተር ይበቃዋል። ዓምዶቹ፦ ቀንና ሰዓት፣ ስም፣ ማሽኑ፣ የተጎዳው አካል፣ የተደረገ ሕክምና፣ ከሥራ የቀረበት ቀን፣ ከዚያ በኋላ የተስተካከለው ነገር። ዓይን ውስጥ የገባች ብናኝም ትጻፍ፤ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ብናኝ ከተጻፈ መነጽሩ ተጭሯል ወይም ፊት ላይ ልክ አይመጣም ማለት ነው። በደብተሩ ጀርባ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደተማረ ከነፊርማው ይያዝ። ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ ተነቦለትና በማሽኑ ላይ ታይቶ፣ እሱም መልሶ ካሳየ በኋላ ይፈርም። ደብተሩ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ፤ ከመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ጎን በገመድ ታስሮ ይንጠልጠል።