በወንዝ ዳር በብስክሌት፦ ሜዳ ነው ብለው አይናቁት

የወንዝ ዳር መንገድ ዳገት የለውም፤ ቁልቁለትም የለውም። ፔዳል ሳይረግጡ የሚያርፉበት ቦታ ስለማይገኝ መቀመጫና ጉልበት ቶሎ ይዝላሉ። ማርሽ አቅልሎ መርገጥና በየ20 ደቂቃው ከኮርቻው ብድግ ማለት ይረዳል።

አቅጣጫ ሲመርጡ ከወንዙ ፍሰት ይልቅ ነፋሱን ይዩ። ጠዋት ጉልበት ሳለ ነፋሱን ፊት ለፊት መጋፈጥ፣ ሲመለሱ ከጀርባ መቀበል ይሻላል። በጠጠር ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ 60 ኪሎ ሜትር የ4 ሰዓት ርግጫ ነው፤ እረፍቱ ሳይቆጠር።

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከጎማ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ጎማ፣ እንደ ክብደትዎ፣ ወደ 3 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ) አየር ይበቃል። በጣም ካነሰ፣ የዛፍ ሥር ሲመታ ካላማዳሪው ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። ቀዳዳው አንድ ከሆነ እሾህ ይጠርጥሩ፤ የጎማውን ውስጥ በጥንቃቄ ዳብሰው ሳያወጡት አዲስ ካላማዳሪ ቢያስገቡ እሱም ይተነፍሳል። መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያና መንፊያ ይያዙ፤ ማስቲሽና ልጣፊ መለዋወጫውን ከተጠቀሙ በኋላ ዳግም ቢበሳ ለመጠገን ነው።

እርጥብ የእንጨት ድልድይ ላይ ፍሬን አይያዙ፣ መሪም አያዙሩ፤ ፍጥነቱን ቀድመው ይቀንሱ።