የግቢያችን ቡድን ዘንድሮ፦ ተስፋዬም ስጋቴም እግራቸው ላይ ነው

ደብረ ማርቆስ ላይ የመስቀል ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን የእግር ኳስ ቡድን ወሬ ሲነሣ ሁሉም የሚጠይቀው «አጥቂ ተገኘ ወይ?» እያለ ነው። የእኔ ስጋት ሌላ ነው። መሀል ሜዳው እንዳለ አለ፣ የግራ መስመሩ ፈጣን ነው፣ በረኛው ገና አልተመረቀም። ጎል የሚያገባ አይጠፋም። የምፈራው የጥቅምትና የኅዳር ሥራ በቅጡ ሳይሠራ ቡድኑ ወደ ውድድር እንዳይሄድ ነው።

የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር በየሳምንቱ አንድ ጨዋታ እየተጫወቱ የሚዘልቁት ሊግ አይደለም። ቡድኖቹ አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰቡና ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደራረባል። ሙሉ 90 ደቂቃ የሮጠ ልጅ ደግሞ ጡንቻው ውስጥ ያለቀው ስንቅ ተመልሶ እስኪሞላ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ያሸነፈ ቡድን ሦስተኛው ላይ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ሲፈርስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ምልክቱን ማንም ተመልካች ሊለየው ይችላል። የመስመር ተከላካዩ ወጥቶ አይመለስም፣ በአማካይና በተከላካይ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፣ ዘግይቶ የሚደረግ ጥፋት ይበዛል፣ ቢጫ ካርድ ይከተላል። መፍትሔው ተቀያሪን ለጉዳት ብቻ ማስቀመጥ ሳይሆን ከመነሻው ማቀድ ነው። ከ18 እስከ 20 ልጅ እኩል ካልተዘጋጀ፣ በሁለተኛው ጨዋታ ሦስት አራት ሰው ካልተለወጠ፣ የውድድሩ ደንብ አምስት ቅያሬ ቢፈቅድ እንኳ የሚገባው ሰው ቀዝቃዛ ነው።

የእግር ነገር ከተነሣ ሜዳውን ማለፍ አይቻልም። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ቦታ እንዳለው ሁሉ ሜዳችን ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ታኬታ ሥር እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ በጋ ሲገባ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሣር ስለሚሸፍነው አይታይም። ልጁ ዞር ሲል እግሩ ተይዞ ይቀራል፣ ጉልበቱ ግን ይዞራል። በቁርጭምጭሚት ወለምታ ካለፈ ዕድለኛ ነው፤ የጉልበት ጅማት ከተበጠሰ ያ ልጅ የዓመቱን ውድድር እርግፍ አድርጎ ይተዋል።

አሁን፣ አፈሩ ገና እርጥበት ሳለ፣ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ የሚሠራ ሥራ አለ። ስንጥቁን በጠጠር ወይም በገረጋንቲ መሙላት ስህተት ነው፤ ዋልካው ሲያብጥ ጠጠሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የወደቀ ልጅ ደግሞ ክርኑን ይልጠዋል። የወንዝ አሸዋና ያንኑ አፈር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ፣ ትንሽ አርጥቦ፣ መጠቅጠቅ ይሻላል። አፈሩ እየደረቀ ሲሄድ እንደገና ስለሚሸሽ በየሁለት ሳምንቱ እየተመለሱ ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ሣር የጠፋበት የሁለቱ ግብ አፍ ላይ ሰርዶ መትከል የሚቻለውም አሁን ነው። ሥሩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀብረው፣ በመካከሉ አንድ ስንዝር ይተዋል። ከዚያ ለአንድ ወር ያህል የበረኛ ልምምድ ከግብ አፉ ይውጣ። ይህ ካልተከበረ ተከላው ከንቱ ነው። ሮለር የሚገፋው አፈሩ ጫማ ላይ መለጠፍ ሲያቆም ነው፤ ጭቃው ላይ ከተገፋ ሜዳው እንደ አውድማ ይደርቃል።

ከሜዳው ቀጥሎ ማሟሟቂያው ነው። ቡድኑ ሁለት ዙር ሮጦ፣ ቆሞ እግር ስቦ ወደ ኳስ መግባቱ ያሳስበኛል። ፊፋ ያዘጋጀው 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይፈጃል። 8 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ሥራ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ነው፤ በድምሩ 15 እንቅስቃሴ። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ በትክክል የሠሩ ቡድኖች ላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሶ ታይቷል። ከውስጡ አንዱን በቅርብ ላሳይ። ልጁ በጉልበቱ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል፣ ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወርዳል፣ መቋቋም ሲያቅተው በእጁ መሬት ይቀበላል። የኋላ ጭን ጡንቻ መሳሳብን የሚከላከለው ይህ ነው። መጀመሪያ ሳምንት 5 ጊዜ ሁለት ዙር ይበቃል፣ በአራተኛው ሳምንት 8 ጊዜ ሦስት ዙር ይደረሳል። የሚበላሸው ልጁ ወገቡን አጥፎ መቀመጫውን ወደ ኋላ ሲተው ነው፤ ያኔ ጡንቻው ሥራ አይሠራም። መጀመሪያ ቀን ብዙ ካሠሩት ደግሞ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፣ ሥራውንም ይጠላዋል።

ወለምታ ከደረሰ ወጌሻው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ያበጠውን እንዳያሸው አደራ እላለሁ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወደ ራጅ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ተስፋዬ ልምጣ። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ትገኛለች። ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ችሎ እዚህ የሚሮጥ ልጅ ዝቅ ወዳለ ከተማ ሲወርድ ትንፋሽ ይተርፈዋል። ግን ሙቀት ይጠብቀዋል። ውድድሩ ቆላ ላይ ከዋለ የትንፋሹን ጥቅም ሙቀቱ ይበላዋል። ሰውነት ሙቀትን በደንብ ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ የትኛውም ግቢ ደግሞ ቡድኑን ሁለት ሳምንት ቀድሞ አይልክም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባሉት አሥር ቀናት ልምምዱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ቱታ ለብሶ፣ ከአንድ ሰዓት ሳይበልጥ ይሁን። ራሱን ያዞረው ወይም ላቡ የቆመ ልጅ ወዲያው ጥላ ውስጥ ይግባ። ሚዛን ካለ በፊትና በኋላ ይመዘኑ። 65 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ1.3 ኪሎ በላይ ከቀነሰ ውሃ አልበቃውም ማለት ነው፣ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣ። የፋብሪካ መጠጥ መግዛት ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ ተደርጎ፣ በቂ ነው።

ኳሱም ይለወጣል፣ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። በማርቆስ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ ኳስ ርቆ ይሄዳል፣ ብዙም አይታጠፍም። 1,200 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ድሬዳዋ ዓይነት ከተማ ሲወረድ ያው ምት አጥሮ ይወድቃል። የግራ መስመራችን እዚህ ሁለተኛው ቋሚ ላይ የሚያደርሰው ኳስ እዚያ የመጀመሪያው ተከላካይ ራስ ላይ ያርፋል። በተቃራኒው የቅጣት ምቱ የበለጠ ይታጠፋል። እዚህ የተነፋው የልምምድ ኳስ ደግሞ እዚያ ከ0.1 አትሞስፌር በላይ የአየር ግፊት ያጣል። ሕጉ የሚፈቅደው የኳስ ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው፤ መለኪያና ፓምፕ ከሻንጣው አይጥፋ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንድ ሙሉ ልምምድ ለማዕዘንና ለመስመር ኳስ ብቻ ቢውል እመርጣለሁ።

ምግቡ ላይ ስጋቴ በተለይ ከኅዳር 15 በኋላ ነው፤ ጾመ ነቢያት ይገባል። ጾም የሚጾም ልጅ ጾሙን ትቶ ይጫወት አልልም። የልምምዱን ሰዓት ነው የሚለውጡለት። እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ልጅ በጠዋት ከባድ ሩጫ ከሮጠ ጡንቻው ያለቀበትን ስንቅ ሳይተካ ይውላል። 9 ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር በልቶ 11 ሰዓት ላይ ቢሠራ፣ ከዚያ ዋናውን እራት ቢበላ ይመረጣል። ለሥራው የሚገባው ፕሮቲን በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ነው፣ ለ65 ኪሎ ልጅ ወደ 100 ግራም ይጠጋል። የካፌው ቀጭን ሽሮ ብቻውን አያደርሰውም። የተቀቀለ ሽምብራና ባቄላ፣ ለውዝ፣ የስንዴ ቆሎ ከጎኑ መኖር አለበት። ለጨዋታ ቀን ከጎጃም በሶ የሚሻል ስንቅ አላውቅም። ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ 90 ግራም ያህል በሶ በውሃና በስኳር በጥብጦ መጠጣት ለዚያው ልጅ ይበቃዋል። በርበሬ የበዛበት ወጥና ጨጓራ የሚነፋ ባቄላ ግን ለዚያ ቀን ይቅር።

ኋላ መስመሩ ላይ ሁለቱም የመሀል ተከላካዮች ተመርቀዋል፤ በነሱ ቦታ በየሳምንቱ አዲስ ጥንድ መሞከር ይቅርና አንድ ጥንድ ተመርጦ ስድስት ሳምንት አብሮ ይሥራ። በረኛችን ኳስ ይዞ ሰዓት የመግደል ልማድ አለው። ከሐምሌ 2025 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ደግሞ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ የያዘ በረኛ የማዕዘን ምት ይሰጥበታል፣ ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች በእጁ ይቆጥራል። በልምምድ ጊዜ አንድ ሰው ጮክ ብሎ እየቆጠረለት ይለማመድ፤ በዚህ ምክንያት የሚገባ ጎል ያንገበግባል።

በመጨረሻ አዲስ ገቢዎቹ። ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ከገባና በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ከጨረሰ ወዲህ በአካባቢያችን ኳስን የምር የያዘ ልጅ በዝቷል፤ ከነሱ ጥቂቶቹ ወደ ግቢያችን እንደሚመጡ ተስፋ አለኝ። ምርጫው ግን 22 ልጅ አሰልፎ 20 ደቂቃ ማጫወት አይሁን፤ እንዲህ ከሆነ የሚመረጠው ኳስ የማያቀብለው ነው። መጀመሪያ ቀን በ30 በ20 ሜትር ሜዳ አራት ለአራት፣ ጓደኛ እየተቀያየረ ስድስት ዙር ይጫወቱ። በሁለተኛው ቀን ዮ-ዮ የሚባለው ፈተና ይሰጥ፦ 20 ሜትር ሄዶ መመለስ፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ ፍጥነቱ እየጨመረ። ሦስተኛው ቀን በየቦታቸው 11 ለ11። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ተመድቦ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ሳምንት ማርቆስ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ፈተናውም ላይ ቶሎ ይወድቃል። ኳስ አያያዙ ጥሩ ከሆነ ስሙ አይሰረዝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ፈተና ይደገምለት፣ ዝርዝሩም እስከዚያ ክፍት ይቆይ።