የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ልታሳትሙ ከሆነ፣ ናሙና ሳታዩ ማሽኑ እንዳይነሳ

ይህን የምጽፈው እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሀዋሳ ውስጥ የኬጂ አስተማሪ ነኝ። የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤል ፍራንክ ባውምን የኦዝ ጠንቋይ ታሪክ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጆች አሳጥሬ፣ በአማርኛ፣ በ32 ገጽ የሥዕል መጽሐፍ አድርጌዋለሁ። መጽሐፉ ልጆች እጅ ገብቷል፤ እኮራበታለሁ። ማተሚያ ቤቱን ሳስብ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል።

ከቀላሉ ልጀምር። መብቱ አያስቸግርም። ባውም መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሆን የሞተው በ1919 ነው። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት የሚጠበቀው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ፊልሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የታሪኩ ዋና ልጅ ዶሮቲ ቀይ ጫማ ያደረገችው በ1939ኙ ፊልም ነው። በመጽሐፉ ጫማዋ የብር ነው። ሠዓሊያችሁ ቀይ ጫማ ሥሎ ከመጣ መልሱት።

ማሳጠሩን ወድጄዋለሁ። 24 ምዕራፍ 32 ገጽ ውስጥ አይገባም። ሁሉን ላስገባ ካላችሁ የሚወጣው የታሪኩ ማጠቃለያ ነው፤ ልጅ ደግሞ ማጠቃለያ አይሰማም። እኔ መንገዱን ብቻ ያዝኩ። ዶሮቲ፣ የወፍ ማስፈራሪያው፣ ቆርቆሮው ሰው፣ ፈሪው አንበሳ፣ ከተማው፣ ከዚያ ወደ ቤት። የሸክላዎቹ ሰዎች አገር ወጣ። ቆርቆሮው ሰው የ40 ተኩላ አንገት የሚቀላበትም ወጣ። ጠንቋይዋ ውሃ ሲደፋባት የምትሟሟበትን ግን አልነካሁትም። «ያስፈራቸዋል፣ አውጪው» ተብዬ ነበር። ልጆቼ «ድገሚልን» የሚሉኝ እሱን ነው።

ረቂቁን ያየ አንድ የቢሮ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር አዘዘኝ። የልጅቷ ስም የአገራችን ስም ይሁን፤ መጨረሻው ላይ ምክር ይጨመር። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። ዶሮቲ አሜሪካ ውስጥ ያለችው የካንሳስ ልጅ ናት፣ አውሎ ነፋሱም የካንሳስ ነው። ምክሩን በተመለከተ ባውም ራሱ በመግቢያው ላይ ጽፎታል፦ ግብረ ገቡን ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ይህ መጽሐፍ ልጆችን ለማስደሰት የተጻፈ ነው ይላል። ሰውዬው አልተደሰቱም። እኔም አልቀየርኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀለም ጌጥ አይደለም። ካንሳስ ግራጫ ነው፤ ቤቱም፣ ሣሩም፣ አክስትየውም። ዶሮቲ መጀመሪያ የምታርፍበት አገር ሰማያዊ ነው። የኤመራልድ ከተማ አረንጓዴ፣ የክፉዋ ጠንቋይ ምድር ቢጫ፣ የደጓ ጠንቋይ አገር ቀይ ነው። በ1900ው እትም ሠዓሊው ዴንስሎ የሥዕሎቹን ቀለም ከየአገሩ ጋር እየቀያየረ ነው የሠራው። ለእኔ ክፍል ደግሞ ይህ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ልጆቼ ቤታቸው የሚናገሩት ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ ነው። አማርኛው ሲያመልጣቸው የት እንደደረስን የሚያውቁት በቀለሙ ነው። ስለዚህ ለማተሚያ ቤቱ ደጋግሜ ነገርኩ። ውሉም ላይ ሰፈረ፦ ከመታተሙ በፊት መጽሐፉ በሚታተምበት አርት ፔፐር (በሚያብረቀርቀው ወረቀት) ላይ የታተመ ናሙና አይቼ እፈርማለሁ። ቀብዱን ከፈልኩ።

ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ። «መጽሐፉ አልቋል፣ ነይና ውሰጂ።»

ናሙናውስ? «ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ አይቶታል። ቆንጆ ነው።»

ካርቶኑን እዚያው ከፈትኩት። ካንሳስ ወደ ሮዝ ያደላል። ሰማያዊው አገር ደህና ነው። የኤመራልድ ከተማን ስገልጥ ግን ከተማ የለም። ገጹ ጥቁር አረንጓዴ ጭቃ ነው። ግንቦቹ ከሰማዩ አይለዩም። የበር ጠባቂው የያዘው አረንጓዴ መነጽር የት እንደገባ አይታወቅም። መነጽሩ ከሌለ ደግሞ ታሪኩ የለም፤ ከተማው አረንጓዴ የሚመስለው የሚገባው ሰው ሁሉ ያንን መነጽር ስለሚቆለፍበት ነው። ወረቀቱን በጣቴ ዳበስኩት። አርት ፔፐር አይደለም፣ ተራ ነጭ ወረቀት ነው።

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ለልጅ አይደል እንዴ? ልጅ ስለ ቀለም ምን ያውቃል?»

አንዱን ኮፒ ይዤ ክፍል ገባሁና ምንም ሳልናገር ያንን ገጽ አሳየኋቸው። አንዷ ጣቷን ግንቡ ላይ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ መሽቷል?» አለችኝ። በታሪኩ ጠራራ ፀሐይ ነው።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመልሼ ስነግራቸው፣ ለቀለም ብሎ ማሽን ያስቆመ ደራሲ አይተን አናውቅም አሉ። እኔ ግን አውቃለሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሉዊስ ካሮል አሊስ የምትባለውን ልጅ ታሪክ በ1865 ሲያሳትም ሠዓሊው ቴኒየል የሥዕሎቹን ኅትመት አልወደደውም፤ የመጀመሪያው እትም ተሰበሰበ። በኋላ ካሮል ያንኑ ታሪክ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በ20 ባለቀለም ሥዕል አሳጥሮ ጻፈው። በ1889 ታትሞ ሲመጣለት ቀለሙ ከልክ በላይ ደምቋል ብሎ አልቀበልም አለ፤ መጽሐፉ የወጣው በ1890 ነው። የሕፃናት መጽሐፍ ነበር።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የመሃሉን 16 ገጽ ብቻ እንደገና ለማተም ተስማሙ። በሽቦ የሚሰፋ የ32 ገጽ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ 16 ገጽ ሆኖ ይታተምና አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ ከተማው ከመሃለኛው ነበር። ካንሳስ ከውጭው ስለሆነ አልነኩትም። የወረቀቱንም ዋጋ ከፊሉን አስከፈሉኝ፣ በራሳቸው ጥፋት። ስለዚህ የመጀመሪያው እትም መሃሉ ያብረቀርቃል፣ ዳርና ዳሩ አያብረቀርቅም። ካንሳስም እስከ ዛሬ ሮዝ ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ወላጅ ለልጁ ሲያነብለት ባየሁ ቁጥር ያ ገጽ ይቆጨኛል።

ምክንያቱን ያስረዳኝ ሌላ ቦታ የሚሠራ ዲዛይነር ነው። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ በአራት ቀለም፣ ማለትም በሲያን፣ በማጄንታ፣ በቢጫና በጥቁር። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወደ አራቱ ሲቀየር ይደበዝዛል። ማጄንታና ጥቁር ከገባበት ጭቃ ይሆናል። ተራ ወረቀት ደግሞ ቀለሙን ይመጠዋል። እኛ አረንጓዴውን ከሲያንና ከቢጫ ብቻ እንደገና ሠራነው፤ ከተማው በራ። እናንተም ግራጫን በጥቁር ቀለም ብቻ አሠሩት። ከአራቱ ተደባልቆ ሲሠራ አንዱ ትንሽ ከበዛ የእኔ ካንሳስ ይሆናል። የብር ጫማውንም በጥቁር ብቻ አሠሩት።

ፊደሉም በጥቁር ብቻ ይታተም። በአራት ቀለም ሲታተም ፕሌቶቹ (እያንዳንዱን ቀለም የሚያትሙት ሰሌዳዎች) ትንሽ ከተንሸራተቱ ጫፎቹ ይደበዝዛሉ። ትልቅ ሰው አይቸገርም። ገና ሉን ከሊ እየለየ ላለ ልጅ ግን ልዩነቱ ያቺ ትንሽ ጭረት ናት። የሌሊት ሥዕል ላይ ነጭ ፊደል ማስቀመጥም ይቅርባችሁ፤ ቀለሙ ቀጭኑን መስመር ይሞላዋል። «ያምራል» ይሏችኋል። አትስሟቸው።

«ዋጋ ካነጻጸርሽ ይበቃል» ይባላል፤ እኔ አልስማማም። ከዚህ በፊት ያተማችሁትን የልጆች መጽሐፍ አምጡ በሏቸው፣ ወረቀቱን በእጃችሁ ዳብሱት። አሁን የጣሊያናዊውን ደራሲ የኮሎዲን ፒኖኪዮ እያዘጋጀሁ ነው። አዲሱ ውሌ ላይ የወረቀቱ ዓይነትና ክብደቱ በግራም ተጽፏል፣ የወረቀቱ ቁራጭም ተያይዟል። እኔ ያልፈረምኩበት ናሙና ከታተመ ሙሉ ወጪው የእነሱ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣም አጠገቡ እቆማለሁ። አንድ ማተሚያ ቤት ይህን አንፈርምም ብሏል። ሌላው ፈርሟል።