ጥቁሩ ተራራ፦ ሱወይዳ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በደቡብ ሶርያዋ ሱወይዳ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መገደላቸውን ስሰማ፣ ከ15 ዓመት በፊት ያደርኩበት ቤት ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

የሄድኩት በመስከረም 2010 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከደማስቆ ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢጫው ሜዳ አልቆ መሬቱ ሲጠቁር የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው ድሩዞች አገር እንደገባችሁ ታውቃላችሁ። የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው። አጥሩ ጥቁር፣ ቤቱ ጥቁር፤ የከተማዋ ስም ራሱ «ትንሿ ጥቁር» ማለት ነው። ሻህባ በምትባል ከተማ የሮም ንጉሠ ነገሥት ፊልጶስ (244–249) በትውልድ መንደሩ ያሠራው ቲያትርም ከዚሁ ድንጋይ ነው። እንጨት ብርቅ ስለነበር በጥንቶቹ ቤቶች በሩ ሳይቀር ከድንጋይ ይጠረብ ነበር። አንዱን በትከሻዬ ገፋ ሳደርገው ዞረ፤ ማመን አቃተኝ።

አውራጃው 5,550 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በ2004ቱ ቆጠራ 313 ሺህ ሰው ይኖርበት ነበር። ያኔ ከ10 ሰው 9ኙ ገደማ ድሩዝ ነበር፤ የቀሩት በአብዛኛው ክርስቲያኖችና በዳዊዎች (የዘላን ዐረብ ጎሣዎች) ነበሩ። ተራራው ከ1,800 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ በክረምት በረዶ ይጥላል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ግን የለውም፤ መንደሮቹ የዝናብ ውኃ በኩሬ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። በ1711 በሊባኖስ ዓይን ዳራ ጦርነት ከተሸነፉት ድሩዞች ብዙዎቹ የመጡት እዚህ ነው። ደረቅ ድንጋይ ለሸሸ ሰው ምሽግ ይሆናል። በ1925 የድሩዞቹ መሪ ሱልጣን ባሻ አል-አጥረሽ ያኔ ሶርያን ትገዛ በነበረችው ፈረንሳይ ላይ ያመፀው ከዚሁ ተራራ ተነሥቶ ነው።

ያስተናገዱኝን እናት እንደ ሰፈሩ ልጆች «ኻለቲ» እያልኩ ጠራኋቸው፤ አክስቴ ማለት ነው። ነጭ ነጠላ መሰል ሻሽ ተከናንበው መጀመሪያ መራራ ቡና፣ ቀጥሎ ማቴ ቀዱልኝ። ማቴ የደቡብ አሜሪካ ቅጠል ነው፤ ወደዚያ ተሰደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት የመጡት። የእሳቸውም ወንድም ቬንዙዌላ ነው። አንድ ብርጭቆ በአንድ ቀጭን የብረት መምጠጫ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በየመሀሉ መምጠጫው በሎሚ ልጣጭ ይታሻል። እንደ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማቴም ጊዜ ይፈልጋል፤ ያንን ወደድኩላቸው።

ስለ ሃይማኖታቸው ስጠይቃቸው የሙሴ አማት ዮቶር ነቢያቸው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሹዓይብ ይሉታል። ከዚያ ያለፈውን ለመናገር እሳቸውም አልተፈቀደላቸውም። መጻሕፍቱን የሚያነቡት ለዚያ ራሳቸውን የሰጡት ብቻ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰውም መቀላቀል አይችልም። ቅር አላለኝም። ቤታቸውን እንጂ እምነታቸውን ሊከፍቱልኝ ቃል አልገቡም።

ስሄድ ከተራራው የተለቀመ አፕል በፌስታል ሞልተው እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ። ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙት። ሾፌሩ ሞተር እስኪያስነሣ ድረስ አልለቀቁኝም።